ቢያድግልኝ፦ የአንድ ስም የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 3

ወንድሜ የሚኖረው ስዊድን ነው። ልጁ አምስተኛ ክፍል ናት። አስተማሪዋ ለክፍሉ በሙሉ አንድ የቤት ሥራ ሰጥታለች፦ የቤተሰባችሁ ስም መነሻው ከየት ነው? ትርጉሙ ምንድን ነው? ምን ያህል ሰው ይጠራበታል? ወንድሜ ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ከሥሩም «አንቺ ባሕር ዳር ተቀምጠሽ እኔን ምን አደከመኝ» የሚል ጨመረበት።

የልጅቱ የቤተሰብ ስም ቢያድግልኝ ነው። ቢያድግልኝ የእኔና የወንድሜ አያት ናቸው፣ የአባታችን አባት። ለእሷ ቅድመ አያቷ ይሆናሉ።

የቤት ሥራው አንድ ገጽ ነው፣ በአንድ ማታ ያልቃል። እኔ ግን ሰበብ ስፈልግ ነው የኖርኩት። የአባቴን ወገን እስከ ሰባት ቤት ቆጥሬ በትልቅ ባነር አሳትማለሁ። ለልጅቱ ፎቶው ይላክላታል፤ ባነሩ አክስቴ ሳሎን ይሰቀላል። ሥራዬ ሂሳብ ስለሆነ ሰንጠረዥ አያስፈራኝም። ሽማግሌ ማናገር ግን ሌላ ሙያ ነው።

ጥቅምት 5

በወረቀት ጀመርኩ። የሦስታችንን ሰነድ፣ የእኔን፣ የወንድሜንና የእህቴን፣ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ።

የእኔ መታወቂያ እንደማንኛውም ሰው ነው፤ ስሜ፣ የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም። ወንድሜ ፓስፖርቱ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ቦታ የአያታችንን ስም ይዟል። እህታችን ደግሞ ሌላ አገር ስትገባ ቅጹን የሞላላት ሰው በዚያው ሳጥን የአባታችንን ስም ጻፈላት። ከአንድ እናትና አባት ተወልደን በሰነድ ዘመድ አንመስልም። እህቴ ልጆቿን በሥርዓት ያስመዘገበችው በባሏ አባት ስም ነው። እሷ ራሷ ስታገባ ስሟን አልቀየረችም፣ እኛ ዘንድ ሴት በትዳር ስም አትቀይርም። ስለዚህ አራት ሰው ባለበት አንድ ቤት ሁለት የቤተሰብ ስም አለ። የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛ «ልጆቹ ያንቺ ናቸው?» ብሎ ሲጠይቃት ነገሩ ምን ያህል እንደሚያናድዳት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሕግ ስለሌለን ነው የሚል ካለ፣ አለን። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንኛውም ሰው ከራሱና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተሰብ ስም እንዳለው ይደነግጋል። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው መስከረም 1 ቀን 1953 ነው። የሚገርመኝ ዋዜማው ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን አሸነፈ። የውጭ ሰዎች «ቢቂላ አሸነፈ» አሉ፤ እስከዛሬም እንዲህ ይላሉ። ቢቂላ አባቱ ናቸው፣ አንድ እርምጃ አልሮጡም። በማግስቱ ሥራ የጀመረው ሕግ እኛንም እንደዚያ ሊያስጠራን ነበር። ወረቀት ላይ ቀረ። በሰፈሬ የቤተሰብ ስም ይዞ የሚዞር አንድ ሰው አላውቅም፣ ፓስፖርት ያወጣ ካልሆነ በስተቀር።

ጥቅምት 9

የዕቃ ዝግጅት። ባዶ ካርቶን ከሱቅ ለመንኩና በእጅ መዳፍ ልክ ቆራረጥኩት። ለአንድ ሰው አንድ ካርድ። ላፕቶፕ ላይ ወዲያው መጻፍ ይቻላል፤ ግን ሽማግሌ ፊት ላፕቶፕ ሲከፈት ወሬው ይደርቃል። ካርድ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ይነሣል፣ ቦታ ይቀያየራል፣ አክስቴም በጣቷ «ይኼን ወዲያ በይው» ትላለች።

በየካርዱ የምጽፈው ይኼ ነው። መጠሪያ ስም። የክርስትና ስም። የፈረስ ስም ወይም ቅጽል ካለው። የት ተወለደ። የማን ልጅ፣ በአባትም በእናትም። መጨረሻ ላይ ማን ነገረኝ። ሁለት የተለያዩ ሰዎች የነገሩኝን በቢክ፣ ከአንድ ሰው ብቻ የሰማሁትን በእርሳስ እጽፋለሁ።

ከቅድመ አያት በላይ ያሉትን ምንጅላት ከሚለው ጀምሮ የሚጠሩባቸው ቃላት ከአፍ ወደ አፍ ይለያያሉ። ስለዚህ ካርዱ ላይ ቁጥር እጽፋለሁ፤ አራተኛ፣ አምስተኛ እያልኩ።

ጥቅምት 12

አክስቴ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው ቤቷ። ከቢያድግልኝ ልጆች በሕይወት ያለችው እሷ ብቻ ናት። ቡና አፈላች። ካርዶቹን ስታይ «ካርታ ልትጫወቺ ነው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀጠለች፣ አላቆመችም።

የነገረችኝን እንዳለ ልጻፈው። «ከአባቴ በፊት ሦስት ልጆች ሞተዋል። ንዳድ ነው የፈጃቸው፣ ያኔ የጣና ዳር ሰው ንዳድ ይፈጀዋል። እሱ ሲወለድ እናቱ ‹ይኼስ ቢያድግልኝ› አለች። ሌላ ስም አላወጣችለትም። ሰውየው አደገላት፣ ሰባት ወለደ፣ ዘጌ ላይ ቡናውን ሲለቅም አርጅቶ ሞተ።»

ትርጉም ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ለስዊድኗ አስተማሪ «ምኞት ነው» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ግን የማን ምኞት መሆኑ ካልተጻፈ ነገሩ ባዶ ይሆናል። የእኛ አገር ስም አብዛኛውን የወጣበትን ቀን ይዞ ይዞራል። ከሞተ ልጅ በኋላ የተወለደ ካሳ ወይም ምትኩ ይባላል። ሐዘኑን ያስረሳ አስረስ ይባላል። ከጭንቅ በኋላ የመጣ ይርጋ። ጎጃም ደግሞ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስም ማድረግ ይወዳል፤ ምንይችል፣ ስንሻው፣ ቢያድግልኝ። ወላጅ ለልጁ ብሎ የተናገረው፣ አንዳንዴም ለጎረቤት ወይም ለጠላት የተወረወረ ቃል ነው። ስሙን ሁለተኛ ሰው ሲወርሰው ቃሉ ከተናገረው አፍ ይለያል። እናቱ የተመኘችው ለልጇ ነው። ልጇ አድጓል። ስዊድን ያለችው ልጅ ግን «ቢያድግልኝ» ተብላ በየቀኑ ክፍል ውስጥ ትጠራለች፣ ያውም ሴት ልጅ።

አክስቴን የአያቷን ስም ጠየቅኋት፤ ስሙን ያወጣችውን ሴት ማለቴ ነው።

«እመይቴ ነበር የምንላት።»

ስሟስ?

«ኧረ ምን ሆነሻል፣ ያኔ የትልቅ ሰው ስም ማን ይጠራል? እመይቴ ነው የምንላት።»

ካርዱ ላይ «እመይቴ» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ። የመጠሪያ ስም የሚለው መስመር ባዶ ነው። የክርስትና ስም የሚለውም።

ጥቅምት 15

አክስቴ የምታውቀው ቅድመ አያቷ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ዘር የሚቆጥር አንድ ሰው አለ፤ የአባቴ አጎት ልጅ፣ ጋሼ የምለው፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ገጠር የሚኖር። በስልክ ደወልኩ። ሰላምታው ራሱ ረጅም ነው። ከዚያ «ትውልድ ልቆጥር ነው» ስለው ትንፋሽ ሳይወስድ ስምንት ስም ወረደልኝ። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞታል። አምስተኛውን ስም ደግመህ ንገረኝ ስለው መልሶ ከአንድ ነው የሚጀምረው፣ ከመሃል መጥራት አይችልም።

ለምን እሱ ያውቃል፣ አክስቴ አታውቅም? መሬት ነው ነገሩ። ጎጃም ርስት አገር ነበር። ርስት ለመጠየቅ መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው አባት ድረስ ዘር መቁጠር ያስፈልጋል። አቅኚ አባት ይሉታል። ትውልዱን ሳያቋርጥ የቆጠረ ድርሻ አለኝ ይላል፣ የተደናገረ ደግሞ ዳኛ ፊት ይረታል። ስለዚህ አባቶች ልጆቻቸውን ከብት ሲጠብቁ እያሉ ያስጠኗቸዋል። ጋሼም የተማረው እንዲህ ነው። «ያኔ አባትህን ካልቆጠርክ መሬት የለህም» አለኝ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ሲታወጅ ርስት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለመሬት ብሎ ሰባት ቤት የሚያስጠና አባት የለም። የጋብቻው ክልከላ ግን አለ። እስከ ሰባት ቤት የሚዛመድ አይጋባም፤ ሽማግሌ ሲላክ አሁንም ዘር ይቆጠራል። ቆጠራው የሚነሣው ሠርግ ሲደርስ ብቻ ስለሆነ ግን የሚቆጥረው ሰው እየጠፋ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ርስት በአባትም በእናትም ይጠየቅ ነበር። ስለዚህ የጋሼ ቆጠራ የወንድ መስመር ብቻ አይደለም። አራተኛው ላይ ሴት ናት። ስድስተኛውም ላይ ሴት ናት። ስማቸውን አጥርቶ ያውቃል፤ መሬቱ በእነሱ በኩል ስለመጣ። መሬት ያላመጡት ሴቶች ስም ግን እሱም ዘንድ የለም።

ጥቅምት 20

የቅርጽ ጥያቄ። ከኢንተርኔት የወረዱት የትውልድ ዛፎች በሙሉ ለቤተሰብ ስም የተሠሩ ናቸው። አንድ ግንድ፣ ከላይ አንድ ወንድ፣ ስሙ ወደ ታች ይወርዳል። ለእኛ አይሆንም።

ቀላል ሂሳብ ሠራሁ። ከልጅቱ ተነሥቼ ወላጆቿ 2 ናቸው። አያቶቿ 4። ከዚያ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ ሰባተኛው ላይ 128። ሁሉም ሲደመሩ 254 ሰው ይሆናሉ። የቤተሰብ ስም ከ254ቱ አንዱን መርጦ ሌላውን ሁሉ ይተዋል። ያውም ሰባተኛውን አይደለም የመረጠው፣ ሦስተኛውን ነው። በእኛ ልማድም ሦስት ስም ብቻ ነው የምንይዘው፣ በዚህ አንኮራም። ግን የእኛ ስም ይሸጋገራል። የልጄ ሦስተኛ ስም የአባቴ ስም አይደለም፣ የባሌ አባት ስም ነው። ቢያድግልኝ የሚለው ስም በእኔ መታወቂያ ላይ አለ፣ በልጄ ላይ የለም። አንድ ስም ኢትዮጵያ ውስጥ ወረቀት ላይ የሚቆየው ሦስት ትውልድ ነው፤ ከዚያ በቃሉ የሚይዘው ሰው ካለ ይቆያል፣ ከሌለ ይቀራል።

ስለዚህ ከታች ልጅቱን አስቀምጬ ወደ ላይ እንደ መረብ እየሰፋ እንዲሄድ ወሰንኩ። ያልታወቀ ሰውም ሳጥኑ ይሳላል፣ ባዶውን። ባዶው እንዲታይ እፈልጋለሁ።

ጥቅምት 26

ዘጌ። በሕዝብ ጀልባ ሄድኩ። በመኪናም ይደረሳል፣ ግን ጠዋት በሐይቅ መሄድን የሚያህል የለም። ዘጌ እንደሌላው ጎጃም አይደለም፤ አይታረስም፣ ከብት አይረባበትም፣ ቡናና ጌሾ ነው። ጎብኚዎች ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሲወጡ እኔ በጎን በኩል በቡናው መሃል ወደ ዘመድ ቤት ሄድኩ።

ቤቱ ውስጥ የቢያድግልኝ አባት የነበረ ዳዊት አለ። የብራና ነው፣ ከማኅደሩ ጋር። ማንም አያነበውም፤ በዓል ሲሆን ይወርዳል፣ ይሳለማል፣ ይሰቀላል። ካህን ካልመጣ አይከፈትም ስላሉኝ ከአጠገብ ያሉ አንድ የኔታ ተጠርተው መጡ።

በእንዲህ ያሉ መጻሕፍት የባለቤቱ ስም ጸሎቱ መሃል ይገባል። «ለገብርከ እገሌ»፣ ለአገልጋይህ ለእገሌ፣ ይላል፣ ብዙ ጊዜ በቀይ ቀለም። የኔታ በዝግታ ገለጡ። ስሙ ባለበት ቦታ ሁሉ ብራናው ሳስቷል፤ የድሮው ስም ተፍቆ ሌላ ተጽፎበታል። መጽሐፍ ባለቤት ሲቀይር እንዲህ ይደረጋል። የስልኬን መብራት ከጎን አስጠግቼ አዘነበልኩት። ከተፋቀው ሥር «ኃይለ» የሚል ብቻ ታየ፣ የቀረው አይነበብም። ዘመዶቼ ዳዊቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ነው ይሉ ነበር። የተፋቀው ሰው የእኛ ይሁን፣ ወይ መጽሐፉን የሸጠ ሌላ ሰው፣ ብራናው አይናገርም። ካርድ አልሠራሁለትም።

በላዩ የተጻፈው ግልጽ ነው። ወልደ ጊዮርጊስ። የቢያድግልኝ አባት የክርስትና ስም ይህ መሆኑን አክስቴም ጋሼም ነግረውኛል። በቢክ ተጻፈ።

የኔታ ሊዘጉ ሲሉ መጨረሻው ቅጠል ላይ ቆሙ። «ይኼም አለ» አሉኝ። እዚያ በጥቁር ቀለም፣ በጠባብ እጅ፣ «ምስለ ብእሲቱ ወለተ ሥላሴ» ይላል። ከሚስቱ ከወለተ ሥላሴ ጋር ማለት ነው።

እመይቴ ማለት ነች። ስሙን ያወጣችው።

እንግዲህ የክርስትና ስም በተፈጥሮው የተደበቀ ነው። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሡ ይወጣል። ከዚያ የሚያውቁት እናት፣ ክርስትና አባት ወይም እናት፣ የነፍስ አባት ናቸው። ሲሞት በፍትሐቱ ላይ ይጠራል። መንደሩ በሙሉ የሚጠራበት ስሟ ጠፍቶ፣ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀው ስሟ ብራና ላይ ቀረ። የኔታን ፎቶ ላንሣ አልኳቸው፣ ፈቀዱ። አንድ ኪሎ ቡና ይዤ ተመለስኩ። የዘጌ ቡና ከሌላ ይለያል የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሣም፤ ይለያል ግን።

ጥቅምት 28

አክስቴ ጋ በስልክ። «ወለተ ሥላሴ» ስላት ዝም አለች። ከዚያ «ለካስ ሥላሴን ወር በወር የምትዘክረው ለዚያ ነው» አለች። ከሁለተኛ ሰው ስለተረጋገጠ በቢክ ጻፍኩት።

ኅዳር 2

ካርዶቹን ሳሎን መሬት ላይ ዘረጋሁ። አንድ ሰው ሁለት ቦታ ተቀምጧል የሚል ጥርጣሬ አደረብኝ። የቢያድግልኝን ሚስት፣ አያቴን፣ አክስቴ በአንድ ስም ነው የምትጠራት። የዘጌ ዘመዶች በሌላ። ጋሼ ደግሞ ሦስተኛ አለው። የልጆቹ ዝርዝር ግን ሦስቱም ካርድ ላይ አንድ ነው።

አክስቴ ፈታችው። አንዱ አባቷ ያወጣላት ስም ነው። ሌላው ሙሽራ ሆና ስትገባ አማቷ ያወጣችላት። ባላገር ሙሽራን በቤቷ ስም አይጠራትም፤ የባል ቤት ስም ያወጣላታል፣ አቆላምጦ። ሦስተኛው የክርስትና ስሟ ነው። ሦስቱን ካርድ በስኮች አንድ አደረግኋቸው። እንግዲህ ሴቶች የባላቸውን ስም አይወስዱም ብዬ የጻፍኩት ልክ ነው፣ ነገር ግን ከባል ቤት ስም ይቀበላሉ።

ይኼ የድሃ ቤት ነገር ብቻ አይደለም። እቴጌ ምንትዋብ የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የዘውድ ስሟ ብርሃን ሞገሳ ነው። እዚሁ ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን ያሠራችው እሷ ናት። የጎጃሙ ራስ አዳል በ1873 ሲነግሡ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ጠና። ከሦስቱ የትኛው «የቤተሰብ ስም» ሳጥን ውስጥ ይገባል? እኔ የፓስፖርት ሠራተኛ ብሆን ያንን ቀን ፈቃድ እወስዳለሁ።

ኅዳር 6

ዓመት ማስገባት። ማንም የልደት ቀን አያውቅም። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው 2008 ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው የገጠር ሰው ልደቱ ባብዛኛው በወሬ ነው። ስለዚህ «ያኔ ምን ነበር?» እያልኩ ጠየቅኩ። የሚመለስልኝ ማይጨው ነው (1928)። ጣሊያን ሲወጣ (1933)። የጎጃም ገበሬ በግብሩ ያመጸ ጊዜ (1960)። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲከፈት። ቢያድግልኝ ጣሊያን ሲገባ ጠመንጃ የሚይዝ ጎልማሳ ነበሩ፣ ስለዚህ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተወለዱ ብዬ በእርሳስ።

ወላጆቻቸው ግን ክፉ ቀን ላይ ይወድቃሉ። ከ1880 እስከ 1884 በነበረው ረሃብ ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ ሰውም ተከትሎ አለቀ። የጋሼ ቆጠራ እዚያ ሲደርስ ይጠብባል። ከዚያ በላይ ወንድም እህት እየተባለ ብዙ ስም አለ፤ እዚያ ላይ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ብቻ። ጋሼ ስለ ረሃቡ ምንም አላነሣም። ካርዱ ነው ያሳየኝ፣ መሬት ላይ ተዘርግቶ መሃሉ ቀጭን ሆኖ።

ሰባተኛው ትውልድ ቴዎድሮስ ሳይነግሡ፣ ዘመነ መሳፍንት ውስጥ ነው። እዚያ ከ128 ሳጥን ውስጥ ስም ያገኘሁላቸው በጣት ይቆጠራሉ።

ኅዳር 11

የልጅቱ ገጽ ዛሬ ተላከ። ሦስቱን ጥያቄ በተራ መለስኩ።

ትርጉሙን ከላይ ጽፌዋለሁ። ስሙን ያወጣችው ወለተ ሥላሴ መሆኗን በመጀመሪያው መስመር ላይ አስገባሁ።

ምን ያህል ሰው ይጠራበታል የሚለው ሁለት መልስ አለው። እንደ ራስ ስም ከሆነ ጎጃም ገበያ መሃል «ቢያድግልኝ!» ብሎ የሚጣራ የሚዞርለት ሰው አያጣም። እንደ ቤተሰብ ስም ከሆነ ግን መቁጠር አይቻልም፤ በየሦስት ትውልዱ ስለሚወርድ። ሁለት ቢያድግልኝ የሚባሉ ቤተሰቦች ዘመድ አይደሉም፣ ሁለት የሰጉ እናቶች ናቸው ያላቸው። ይኼን ዓረፍተ ነገር ወንድሜ ወደ ስዊድንኛ መመለስ አቃተኝ ብሎ ደወለ።

የሚበልጠው መነሻው ነው። ልጅቱ መልሱ «ዘጌ» እንዲሆን ትፈልጋለች፣ ካርታ ላይ ቀይ ነጥብ ልታደርግ። ነጥቡን ታድርግ። ግን ቢያድግልኝ የሰው ስም እንጂ የቤተሰብ ስም ሆኖ ዘጌ ላይ አንድም ቀን አላደረም። የቤተሰብ ስም የሆነው ወንድሜ ፓስፖርት ያወጣ ዕለት ነው። ከዚያ በፊት ያለው የሚሸጋገር ስም ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ቆመ። የመጀመሪያው ባለ ቤተሰብ ስም ወንድሜ ነው፣ ሁለተኛዋ እሷ። ቅድመ አያቷ የሚያውቁት ነገር የለም።

ክፍሏ ውስጥ አንደርሰን የሚባሉ ልጆች አሉ። ያ ስም የአንደርስ ልጅ ማለት ነው። ስዊድኖችም እንደ እኛ ነበሩ፤ የአንደርስ ልጅ ዩሃን ቢባል፣ የዩሃን ልጅ አንደርሰን አይባልም፣ ዩሃንሰን ነው የሚባለው። ሴት ከሆነች ደግሞ የዩሃን ሴት ልጅ። በ19ኛው መቶ ዘመን ስሙ በየቤቱ ቆም ቆም ማለት ጀመረ፣ በ1901 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የወጣ ደንብ አጸናው። አይስላንዶች እስካሁን አብዛኞቹ በአባት ስም ናቸው፣ ልክ እንደ እኛ። ስለዚህ አንድ አንደርስ የሚባል ሰው ስሙ በቆመበት ጊዜ ላይ ስለተገኘ ብቻ ዘር ማንዘሩ በሙሉ በእሱ ይጠራል። የእኛም ሰው እንደዚያ ተገኙ። ልጅቱን «የክፍል ጓደኞችሽን አንደርስ ማን ነበር ብለሽ ጠይቂያቸው» አልኳት። የሚመልስ የለም አለችኝ። እሷ ግን ትመልሳለች።

ኅዳር 19

ባነሩ ወጣ። የመጀመሪያው ሕትመት ላይ ፊደሉ ተቀይሮ «ኝ» በየቦታው ሳጥን ሆኖ ወጣ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት «በሩቅ አይታይም» ብሎ ሊያሳምነኝ ሞከረ። በቢያድግልኝ ቤት የ«ኝ» መጥፋት በሩቅም ይታያል። እንደገና አተሙት። ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ውሰዱ፣ ሌላ ፋይል አትስጡ።

አክስቴ ሳሎን ተሰቀለ። የሰፈር ሰው እየመጣ ያያል። መጀመሪያ የሚጠይቁት ባዶ ሳጥኖቹን ነው፤ «ይኼ ምንድን ነው፣ ቀለም አልቆ ነው?» ይላሉ። አክስቴ ታስረዳለች፣ እኔ ከማስረዳው በተሻለ። አንድ ጎረቤት የራሷን አያት እናት ስም ስታጣ እዚያው ቆማ ለእናቷ ደወለች።

የቀሩ ሥራዎች። በእርሳስ ያሉት ስሞች ባነሩ ላይ በግራጫ ቀለም ናቸው፤ ሁለተኛ ሰው ሲገኝ ይጠቁራሉ። ጋሼን በስልክ ሳይሆን በአካል ሄጄ ቆጠራውን በድምፅ መቅዳት አለብኝ፣ ዕድሜው ገፍቷል። የዳዊቱ ፎቶዎች በሁለት ፍላሽ ተቀድተዋል፤ አንዱ ዘጌ ይሄዳል። የእናቴ ወገን ገና አልተነካም። እነሱ መርዓዊ በኩል ናቸው፤ እዚያ ዘር የምትቆጥር አንዲት እትዬ አለች ተብያለሁ፣ ስልክ ግን አታነሣም። ከጥምቀት በኋላ ካርዶቼን ይዤ እሄዳለሁ።